ማገጃ የሌለው ቶል፦ «ተኝቶ የሚበላ ሀብት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ሱቄ ድረስ መጣ፣ ርዕሱ «ተኝቶ የሚበላ ሀብት» ይላል፣ የጻፉት ደግሞ እዚሁ አዳማ ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ስማቸውን አላነሳም፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ እሳቸው ሲያነቡት ያውቁታል። ስለ ሞገድና ስለ ፍሪኩዌንሲ የማውቃትን ያህል ያስያዙኝ እሳቸው ስለሆኑ እንዲህ አደባባይ ወጥቼ መልስ መስጠቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፣ ግን ጽሑፉን ያነበቡ ሁለት ደንበኞቼ «አሜሪካ ያለችውን እህቴን ሼር ላስገዛት እንዴ?» ብለው ስለጠየቁኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ በሞባይልና በዋየርለስ ዓለም ትልቁ ገንዘብ ያለው ስልክ መሥራት ላይ ሳይሆን ፓተንት፣ ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ይዞ ላይሰንስ፣ ማለት በክፍያ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ማከራየት ላይ ነው፣ ስለዚህ ውጭ ዘመድ ያለው ሰው አሁን በሳንቲም የሚሸጡትን ትንንሽ የፓተንት ካምፓኒዎች ሼር ያስገዛ፣ አንድ ክስ ያሸነፉ ቀን መቶ እጥፍ ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም 300 ብር እያለ ሼሩን በቴሌብር ከሸጠ ወዲህ አዳማ ውስጥ ሼር የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም፣ ያው ጽሑፉም ቶሎ የተዛመተው ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ፖስታ ቤት አካባቢ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ እንጂ ኢንቨስተር አይደለሁም። ነገሩን የማውቀው በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው፣ ዴንቨር ነው ያለው፣ የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ የፓተንት ካምፓኒ ሼር ገዛና ቴክኒኩ ሲጠፋበት እየደወለ «ይሄ ሞደም የሚሉት የትኛው ነው፣ እኔ ጋ ያለው ስልክ ውስጥስ አለ ወይ» ይለኝ ጀመር፣ እኔም ሌሊት ሌሊት ሪፖርቱን ፍርዱን ሳነብለት ሳላስበው ገባሁበት። የሱ ብር የት እንደደረሰ ወደታች ላይ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

በሳቸው ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ላይሰንስ ማለት ልክ እንደ ፍጥነት መንገዱ ቶል ነው፤ መንገዱን አንዴ ሠርተህ መኪና ባለፈ ቁጥር ትሰበስባለህ።»

ምሳሌዋ ታምራለች፣ አዳማ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ወዲያው ትገባዋለች። ግን ጋሼ፣ ቶሉ ጋ ምን አለ? መግቢያው ላይ ካርድ ትወስዳለህ፣ መውጫው ላይ ልጅቷ ሂሳቡን ትነግርሃለች፣ ካልከፈልክ ማገጃው አይነሳም፣ በቃ፣ ከኋላህ አይሱዙው ክላክስ እያደረገብህ ነው የምትከራከረው። ፓተንት ማገጃ የለውም። ስልኩ ይመረታል፣ ይሸጣል፣ ይወድቅና ተሰብሮ እኔ ጋ ይመጣል፣ ዲስፕሌይ ይቀየርለታል፣ ከዛ አርጅቶ ለመለዋወጫ ይፈታል፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ባለ ፓተንቱና አምራቹ ገና «ስንት ነው የምትከፍለኝ» እየተባባሉ ሊሆን ይችላል።

ኢንተርዲጂታልንና ስልክና ኮምፒውተር የሚሠራውን ሌኖቮን እዩ። ኢንተርዲጂታል ከ1972 ጀምሮ ያለ ካምፓኒ ነው፣ ስልክ አይሸጥም፣ ሥራው ምርምርና ላይሰንስ ነው፣ ስለዚህ ለጋሼ ሐሳብ ከሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከሌኖቮ ጋር ንግግር የጀመሩት በ2008 ነው፣ እንግሊዝ አገር ክስ የተከፈተው በ2019፣ ፍርዱ የወጣው በ2023። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው፣ ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን ሃይስኩል ገብቷል። ፍርድ ቤቱ ላይ ኢንተርዲጂታል 337 ሚሊዮን ዶላር ይገባኛል አለ፣ ሌኖቮ 80 ሚሊዮን ይበቃሃል አለ፣ ዳኛው 138.7 ሚሊዮን ብለው ቆረጡት፣ በ2024 ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ወለዱን ሳይጨምር ወደ 178.3 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። ለዛው ፓተንት፣ ለዛው ስልክ፣ አራት ዋጋ። ቶሉ ላይ ያለችው ልጅ አንዴ 80 አንዴ 337 ብትል መንገዱን የሠራው ሰው የባንክ ብድሩን በምን ሂሳብ ይከፍላል?

ሌላም አለ። ፍጥነት መንገዱ ውድ ከሆነብህ በድሮው መንገድ በሞጆ በደብረ ዘይት ታዘግማለህ፣ አማራጭ አለህ። ስታንዳርድ ውስጥ፣ ማለት ስልክና ኔትወርክ እንዲግባቡ ሁሉም በሚሠራበት የጋራ ደንብ ውስጥ፣ ግን የድሮ መንገድ የለም። አንድ ዘዴ የፎርጂ ወይም የፋይቭጂ ስታንዳርድ ውስጥ ከገባ ያን ስልክ የሚሠራ ሁሉ በሱ ማለፍ ግዴታው ነው፣ በዚህም ምክንያት ነው ባለ ፓተንቶቹ ገና ስታንዳርዱ ሲወጣ፣ አውሮፓ ላይ ለምሳሌ ኤትሲ በሚባለው ተቋም በኩል፣ ፍትሐዊና ምክንያታዊ በሆነ ዋጋ ያለ አድልዎ ላይሰንስ እንሰጣለን ብለው ቃል የሚገቡት፣ ፍራንድ የሚባለው ነገር እሱ ነው። «ምክንያታዊ» ማለት ስንት ነው ሲባል ግን ማንም ቁጥር አልጻፈም፣ ጠበቃው ሁሉ እንጀራ የሚበላው እዛች ቃል ላይ ነው።

«ብዙ ፓተንት ያለው ካምፓኒ ሀብታም ነው፤ ቁጥሩን አይተህ ግዛ።»

እዚህ ጋ ጋሼ ተሸወዱ። ኤትሲ ጋ ካምፓኒዎች «ይሄ የኔ ፓተንት ለስታንዳርዱ አስፈላጊ ነው» ብለው ራሳቸው ነው የሚያስመዘግቡት፣ እውነት አስፈላጊ ነው ወይ ብሎ ተቋሙ አይመረምርም። ተማሪ የራሱን ፈተና ራሱ አርሞ ሲያስረክብ ቁጥሩን ያምኑታል እንዴ ጋሼ?

ብዛት ዋጋ የሆነበት ጊዜ ነበር፣ እሱን አልክድም። ኖርቴል የሚባለው የካናዳ ቴሌኮም ካምፓኒ ከከሰረ በኋላ በ2011 6,000 ገደማ ፓተንቱ በጨረታ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፣ አፕል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤሪክሰን፣ ሶኒ ምናምን ተደራጅተው ነው የገዙት። ያን ጊዜ ሁሉም ኢንቨስተር የፓተንት ቁጥር ሲቆጥር ከረመ። ከዛስ? ገዢዎቹ የሚፈልጉትን ከተከፋፈሉ በኋላ የቀረው 4,000 ገደማ ፓተንት በ2014 መጨረሻ በ900 ሚሊዮን ተሸጠ፣ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። ፓተንት ደግሞ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው ዕድሜው፣ ልክ እንደ ስልክ ባትሪ ነው፣ አንተ ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም እየሞተ ነው። በስሪጂ ጊዜ የተመዘገበውን ዛሬ ቆጥሮ መግዛት ያበጠ ባትሪ እንደመግዛት ነው።

«ትርፉን እዩት፤ ኳልኮም ከላይሰንሱ 70 ፐርሰንት ይቀረዋል፤ ቺፑን ቢተወው ይሻለው ነበር።»

ቁጥሩ ልክ ነው፣ እዚህ ላይ ጋሼን አመሰግናለሁ፣ ያልሆነ ነገር አላሉም። ኳልኮም የስልክ ቺፕ የሚሠራ የአሜሪካ ካምፓኒ ነው፣ በ2024 የበጀት ዓመት ከ39 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢው ውስጥ ከላይሰንስ የመጣው 5.6 ቢሊዮን አካባቢ ነው፣ ከሱ ላይ የሚተርፈው ደግሞ እንዳሉት 70 ፐርሰንት ገደማ፣ ቺፕ ሸጦ ይሄን ማግኘት ሕልም ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፣ በ2015 ጃና የሚባል ትልቅ ኢንቨስተር ሁለት ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ሼር ይዞ መጥቶ ቺፑንና ላይሰንሱን ለዩት ብሎ ወጥሮ ያዛቸው፣ ቦርዱ ወራት አጥንቶ ዲሴምበር ላይ አንለይም አለ።

ለምን መሰላችሁ? አዲሱን ፓተንት የሚያወጡት መሐንዲሶች ቺፑን ከሚሠሩት ጋር አብረው ያሉ ናቸው። ቺፑን ብትሸጠው ዛሬ ያለህን ፓተንት እየበላህ 20 ዓመት ትቆያለህ፣ ከዛ ጎተራው ባዶ ነው። ለዘር ያስቀመጡትን እህል መብላት ማለት ይሄ ነው። ስልክ መሸጥ የተዉት እነ ኖኪያም እኮ ኔትወርክ መሥራቱን አልተዉም፣ ቀፎውን በ2014 ለማይክሮሶፍት ሲሸጡ ፓተንቱንም ለራሳቸው አስቀርተዋል።

ከዚሁ ጋር ጋሼ የዘለሉት አንድ ነገር አለ፣ እኔን ከሁሉም በላይ ያከራከረኝም እሱ ነው። የላይሰንስ ካምፓኒ ሪፖርት ስታዩ አንዳንዱ ሩብ ዓመት ገቢው ጣራ ይነካል፣ ሰው ያን አይቶ ይገዛል። ግን ውስጡን ስትከፍቱት አብዛኛው የኋላ እዳ ነው፣ ስንት ዓመት ሳይከፍል የቆየ አምራች ሲፈርም ያለፈውን አንድ ላይ ይከፍላል። ኖኪያ በ2017 ከአፕል ጋር ሲታረቅ በአንዴ 1.7 ቢሊዮን ዩሮ ገባለት፣ በሚቀጥለው ዓመት ያ ብር አይደገምም። ዕቁብ የወጣለት ሰው ያን ወር የያዘውን ብር «ደሞዜ ነው» ብሎ ቤት ቢከራይ ምን ይባላል? የነቃ ኢንቨስተር የሚያየው የዕቁቡን ዕጣ ሳይሆን በየወሩ የሚገባውን ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ውሉ መቼ ያልቃል የሚለውን። ኢንተርዲጂታል ከሳምሰንግ ጋር ዋጋ መስማማት አቅቷቸው በግልግል ዳኝነት ሲቆዩ ሼሩን የያዘው ሰው የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነበር፣ እሱም ጁላይ 2025 ወጣ፣ ከ2023 እስከ 2030 ላለው ስምንት ዓመት 1.05 ቢሊዮን ዶላር። ስታካፍሉት በዓመት 131 ሚሊዮን ገደማ ነው። ደሞዝ ማለት ይሄ ነው፣ ግን አንድ ደንበኛ ይሄን ያህል የሚከብድበት ንግድ ደግሞ እንቅልፍ የሚያስተኛ አይደለም።

«ፍርድ ቤት ካሸነፉ አለቀ፤ ገንዘቡ ኪስ ገባ።»

አላለቀም። እንደውም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ኦፕቲስ የሚባል የፓተንት ካምፓኒ አፕልን በፎርጂ ፓተንቶች ቴክሳስ ከሰሰ። በ2020 ጁሪው፣ ከሕዝቡ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች ማለት ነው፣ 506 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በ2021 ዳኛው ካሳው እንደገና ይታይ አለ፣ ሁለተኛው ጁሪ 300 ሚሊዮን አለ። ኦገስት 2025 ይግባኝ ሰሚው ሁሉንም ሽሮ ከመጀመሪያው ይታይ ብሎ መለሰው፣ ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለጁሪው የተሰጠው የመልስ ወረቀት ጥያቄው በትክክል አልተቀመጠም፣ አምስቱን ፓተንት በአንድ ጥያቄ ጠቅልሎ ስለጠየቀ ሁሉም ጁሪ በአንዱ ላይ እኩል መስማማታቸው አይታወቅም ተባለ። ፈተና ያወጡት ጋሼ ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ጥያቄው ከተበላሸ ውጤቱ ይሰረዛል። እነዚሁ ሁለቱ ደግሞ እንግሊዝ አገር ሲካሰሱ የመጀመሪያው ፍርድ 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ በሜይ 2025 ይግባኙ ወደ 502 ሚሊዮን አወጣው። እንግዲህ ይሄን አስቀድሞ ገምቼ ገዛሁ የሚል ሰው ካለ ሎተሪ ይቁረጥ፣ ይሻለዋል።

ትልልቆቹም ያው ናቸው። አፕል በ2017 ኳልኮምን ከሰሰና ስልኩን የሚገጣጥሙለት ካምፓኒዎች ሮያሊቲውን፣ የፓተንቱን ክፍያ ማለት ነው፣ መክፈል አቆሙ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሼሩን የያዘ ሰው ሆዱ ሲንቦጫቦጭ ከረመ፣ ከዛ ኤፕሪል 16 ቀን 2019 ሳንዲያጎ ችሎቱ ተጀምሮ ጠበቆቹ የመክፈቻ ንግግር እያደረጉ ሳለ ታረቁ፣ ሼሩ በዛው ቀን 23 ፐርሰንት ዘለለ። ደስ ብሎት የገዛ ሰው ግን አንድ ወር ቆይቶ ሜይ ላይ ሌላ ዳኛ በሌላ ክስ፣ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በከፈተው፣ የኳልኮምን የላይሰንስ አሠራር ሕገ ወጥ ነው ብላ ስትፈርድበት ደሞ ወረደ። ያም ፍርድ በ2020 ኦገስት ተሻረ። ያሸነፈ ተሸነፈ፣ የተሸነፈ አሸነፈ።

አሁን የአክስቴ ልጅ። ያቺ ካምፓኒ ጁሪ ፊት አሸንፋለች፣ አዎ አሸንፋለች፣ ያን ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደውሎ ነው የቀሰቀሰኝ፣ «ሀብታም ሆንን» ብሎ፣ የኔ ሚስት ደንግጣ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። ሼሩ ለሦስት ቀን ወጣ። አልሸጠም፣ ጋሼ የጻፉትን መቶ እጥፍ እየጠበቀ ነዋ። ከዛ የተከሰሰው ካምፓኒ ፓተንቱን አሜሪካ ፓተንት ቢሮ ውስጥ ላለው ቦርድ አቀረበበት፣ ይሄ ቦርድ ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፣ «ይሄ እኮ ቀድሞም ይታወቅ ነበር» ካሉ ፓተንቱን ሊሰርዙት ይችላሉ፣ ዋናዎቹን ሰረዟቸው። ካምፓኒዋ ለጠበቃ የምትከፍለው ስታጣ አዲስ ሼር እያተመች ሸጠች፣ የሱ ድርሻ ቀጠነ፣ በመጨረሻ አሥር አሥሩን ሼር አንድ አደረጉት። 6,000 ዶላር ነበር ያስገባው፣ ባለፈው ሲያየው 400 አልሞላም። የሚያናድደው ደግሞ ጠበቆቹ በየሩብ ዓመቱ ተከፍሏቸዋል፣ ለነሱ ፓተንቱ እውነትም ተኝቶ የሚበላ ነበር።

«ትልልቆቹ ሌቦች ናቸው፤ ሆን ብለው ነው የሚያጓትቱት።»

አንዳንዴ አዎ። ማጓተት የሚባለው ነገር እውነት ነው፣ የሚያስጥለውም ዘዴ አለ፣ ጀርመን ፍርድ ቤቶች ሽያጩን ራሱን ያስቆማሉ፣ ኦፖ ከኖኪያ ጋር ተጣልቶ በ2022 ጀርመን ገበያ ውስጥ ስልክ መሸጥ አቁሞ ነበር፣ በ2024 ጃንዋሪ ነው የተስማሙት። እዛ ማገጃው አለ ማለት ነው። ግን የቅድሙ የኢንተርዲጂታል ፍርድ ላይ የመጀመሪያው ዳኛ የጻፉትን ብታዩ ከሚገባው በላይ ሲጠይቅ የነበረው ባለ ፓተንቱ ራሱ ነው ብለዋል፣ ስለዚህ ሌባው ሁሌ አንድ ወገን አይደለም።

«ደግነቱ እኛ ጋ ያሉት ርካሽ የቻይና ስልኮች ይሄ አይመለከታቸውም።»

ይሄን ሳነብ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቴክኖ ተከፍቶ ነበር፣ ቻርጅ አልቀበልም ያለ። ቦርዱ ላይ ያለውን መከለያ ቆርቆሮ በሆት ኤር አንስቼ አየሁት፣ ቺፑ ሚዲያቴክ ነው፣ የኳልኮም አንዲት ነገር የለበትም። ጋሼም እንደዚህ አስበው ይመስለኛል፣ ቺፑ የሱ ካልሆነ ምን አገባው ብለው። ነገር ግን ኳልኮም ሮያሊቲ የሚጠይቀው በቺፑ ላይ ሳይሆን በስልኩ ዋጋ ላይ ነው፣ ማንም ይሥራው። በ2024 ጁላይም ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚሠራውን ትራንሽንን ሕንድ አገር ከሶታል። በየሱቁ በብዛት ያሉት ስልኮች እኮ እነዚህ ናቸው!

ዋጋውንም ለፋይቭጂ የለጠፉት አለ፦ ኳልኮም ከስልኩ የጅምላ ዋጋ 3.25 ፐርሰንት፣ ግን ከ400 ዶላር በላይ ያለውን ክፍል አይቆጥርም፣ ኖኪያ በስልክ 3 ዩሮ፣ ኤሪክሰን ከ2.50 እስከ 5 ዶላር፣ ሁዋዌ ቢበዛ 2.50። 100 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ላይ አራቱም የለጠፉትን ቢቀበሉ ከ10 ዶላር ያልፋል፣ በርካሽ ስልክ ላይ ይሄ የአምራቹን ትርፍ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ማንም የለጠፈውን አያገኝም፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይደራደራል፣ ልክ እኛ ጋ ደንበኛ መጥቶ «የዲስፕሌዩን 4,000 አልከፍልም፣ ሌላ ቤት 3,200 ብለውኛል» እንደሚለው። ኢንቨስተሩ የተለጠፈውን ዋጋ በስልክ ብዛት አባዝቶ ሲያልም ካደረ ስህተቱ እዛ ጋ ነው። እና አይመለከተንም የሚለው አይሠራም ጋሼ፣ ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ከፍለንበታል።

ለደንበኞቼ የመለስኩላቸውን ልንገርዎ፣ ለመግዛት ካማራችሁ ካምፓኒው ስንት ፓተንት አለው፣ ስንት ክስ ከፈተ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ማነው የሚከፍለው፣ ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው፣ ክሱ ቢራዘም ጠበቃውን የሚከፍልበት ሌላ ገቢ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዷ ደንበኛዬ «ይሄን ሁሉ ከማነብ ዶሮ ባረባስ» አለችኝ፣ እሷንም አልተከራከርኳትም።

የአፕልና የኳልኮም ላይሰንስ የ2019ኙ ውል ተራዝሞ የሚያልቀው ማርች 2027 ላይ ነው። አፕል በፌብሩዋሪ 2025 አይፎን 16ኢ ላይ የራሱን ሞደም፣ ስልኩን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን ቺፕ ማለት ነው፣ አስገብቷል፣ የኳልኮምን ቺፕ መግዛት ሊተው ይችላል፣ ሮያሊቲውን ግን ሞደሙ የራሱ ስለሆነ ብቻ አያመልጥም፣ ጥያቄው በስንት ይፈርማል ነው። ጋሼ ሳይጨቃጨቅ በድሮው ዋጋ ይፈርማል ካሉ እኔ አይፈርምም፣ ወይ ይቀንሳል ወይ ይካሰሳሉ እላለሁ። የተሸነፈ ፍራንኮ ሰፈር ቡና ይጋብዛል፣ ማስቲካና ውሃውንም ጨምሮ።